ምስጢር፣ ሚስጥር፣ ገመና፦ ከጣና ዳር ለመጣ ጥያቄ

ጥያቄው የመጣው ከዚሁ ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂው በጀልባ እንግዳ ይዞ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚያመላልስ ወጣት አስጎብኚ ነው። ለአገር ውስጥ ጎብኚ የሚታደል ብሮሸር በአማርኛ ሲያዘጋጅ ርዕሱ ላይ ተቸግሮ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦

«ጋሼ፣ ርዕሱን ‹የጣና ሚስጥራዊ ገዳማት› ብዬው ነበር። ማተሚያ ቤት ያለችው ልጅ ‹ሚስጢራዊ› ብላ አረመችው። ለአንድ ቄስ ባሳያቸው ደግሞ ‹ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፣ ምሥጢር ነው የሚባለው› አሉኝ። የትኛው ነው ልክ? ደግሞ ሚስጥር፣ ድብቅ፣ ገመና፣ ህቡዕ ሁሉም አንድ ናቸው ወይ? ብዙ ቁጥሩስ ምስጢራት ነው ወይስ ምስጢራቶች?»

ወንድሜ፣ ደግ ነገር ጠየቅህ። አንተን ያስቸገረህ የብሮሸር ርዕስ ነው፣ እኔን ግን ይህ ቃል ስንት ጊዜ አከራክሮኛል፤ በእሱ ነገር ዝም ማለት አልችልም። መልሱ ስለሚረዝም ታገሠኝ።

አጭሩን በመጀመሪያ ልንገርህ። ቄሱ ልክ ናቸው። አንተም አልተሳሳትክም። የማተሚያ ቤቷም ልጅ ከሜዳ ተነሥታ አላረመችህም። የጥንቱ፣ የግእዙ መልክ ምስጢር ነው። ሚስጥር የዛሬ ሰው አፍ ላይ ያለው ነው። ሚስጢር ከሁለቱ መካከል ነው። ሦስቱም በየቀኑ ይጻፋሉ። የላክልኝ ረቂቅ ራሱ ርዕሱ ላይ «ሚስጥራዊ» ብሎ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ምስጢራዊ» ይላል።

አሁን ወደ ረጅሙ እንግባ።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ «ሚስጥር የመጣው ድምፁ ተገላብጦ ነው» የሚል ነው። የጢ ሣልስ ድምፅ ተነሥቶ ወደ ፊት ሄደ፣ ም ሚ ሆነ፣ ጢ ጥ ሆና ቀረች ይላሉ። መገላበጥ በአማርኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ቤተ ክርስቲያንን «ቤተስኪያን» ሲሉ ክ እና ስ ቦታ ተለዋውጠዋል። ስለዚህ ሐሳቡ ባዶ ነው አልልም። ግን አልቀበለውም። መገላበጥ ቢሆን ኖሮ ያቺ ልጅ የጻፈችው ሚስጢር ከየት መጣ? የተገላበጠ ድምፅ አንዱን ቦታ ለቅቆ ሌላውን ይይዛል፣ ሁለቱም ላይ አይቀመጥም።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። አማርኛ ሳድሷ ም በቃል መጀመሪያ ላይ ሆና ቀጥሎ ስ ሲመጣባት ወደ ሚ ይስባታል። የድሮው ምስማር ዛሬ በብዙው ሰው አፍ ሚስማር ነው። ምስር ወጥ በየምግብ ቤቱ ዝርዝር ላይ ሚስር ወጥ ሆኖ ታገኘዋለህ። ሚስት የሚለውን ደግሞ እኛ የጎጃም ሰዎች እናውቀዋለን፤ ወደ ገጠሩ ወጣ ብለህ ብታዳምጥ ሽማግሌው ዛሬም «ምሽቴ» ነው የሚለው። ምሽት ሚስት ከሆነ፣ ምስማር ሚስማር ከሆነ፣ ምስጢርም ሚስጢር ቢሆን ምኑ ይገርማል። የመጀመሪያው እርምጃ ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሣልስ፣ ሚ እና ጢ፣ ተከታትለው መጡ። ምላስ ሁለቱንም እኩል አትሸከምም፤ የኋለኛው ደከመና ጥ ሆነ። ሚስጥር ተወለደ። ሚስጢር እንግዲህ የመጀመሪያውን እርምጃ ተራምዶ ሁለተኛውን ያልተራመደው ነው። ለዚህ ነው ልጅቷን አልተሳሳተችም ያልኩህ፤ ግን ምርጫዬ አይደለም። ከሁለት አንዱን መያዝ ይሻላል፣ ወይ የመጽሐፉን ወይ የአፉን።

ሌላም ክርክር ሰምቻለሁ፣ ከሁሉም የሚያስጎመጀው እሱ ነው። «ምስጢር የመጣበት የግሪኩ ቃል በኋለኛው የግሪክ አነባበብ መነሻው ሚ ስለሆነ፣ ሚስጥር የሚለው ሕዝብ የጥንቱን ድምፅ ጠብቆ ያቆየ ነው» ይላል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ሕዝቡ ቃሉን ያገኘው ከግሪክ አይደለም፣ ከግእዝ ነው፤ ግእዙ ደግሞ በም ነው የሚጽፈው። መካከል ላይ ያለውን ድልድይ ዘልሎ ሚን ከባሕር ማዶ ማምጣት አይቻልም። ሚ እዚሁ አገር ቤት፣ ከሚስማርና ከሚስር ጋር የበቀለች ናት።

ግሪክ ካልኩ አይቀር የቃሉን ምንጭ ልንገርህ፣ እዚህም ላይ ሰው አይስማማም።

በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ምሥጢርን አመሠጠረ ከሚለው ግስ ያወጣዋል፤ አራቀቀ፣ ሰወረ እንደማለት ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ወደ ሴማዊ ሥር ይወስደዋል። ዐረብኛ ሰተረ አለው፣ ሸፈነ ማለት ነው፤ ሙስሊም ወንድሞቻችን «አላህ ይሰትረን» ሲሉ የምትሰማው እሱን ነው። ዕብራይስጡም ከዚሁ ሥር ሚስታር የሚል ቃል አለው፣ መሸሸጊያ ቦታ ማለት ነው። ሚስታር፣ ምስጢር፤ ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ። በዚህ ምክንያት «ቃሉ ከማንም ያልተዋስነው የራሳችን ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ፣ በኩራት ነው የሚሉት። ኩራታቸውን እረዳለሁ። ግን ፊደሏን ተመልከት። ሴማዊው ሥር በተ ነው፣ የእኛው በጠ ነው። ተ እና ጠ በግእዝ እንደዋዛ የሚለዋወጡ አይደሉም።

ጠዋን ያመጣት ግሪኩ ነው። ቃሉ ሚስቴሪዮን ነው። ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን ከግሪክ ወደ ግእዝ የመለሱት ሰዎች የግሪክን ላላ ያለ ት ሲሰሙ ብዙ ጊዜ በጠ ነበር የሚጽፉት። ጴጥሮስን እይ። ጰራቅሊጦስን እይ። ከሁሉም በላይ ጢሞቴዎስን እይልኝ፤ በአንድ ስም ውስጥ ሁለት የግሪክ ፊደል አለ፣ አንደኛው ተራው ት ነው ጢ ሆኖ ተጻፈ፣ ሁለተኛው ትንፋሽ ያለበት ነው ቴ ሆኖ ተጻፈ። ምን ያህል ጆሮ እንደነበራቸው ከዚህች ስም ብቻ ይታወቃል። እርግጥ ክርስቶስ ላይ ተ ነው፣ ቲቶ ላይም እንደዚያው። ሁሌም አንድ መንገድ አልሄዱም። ቢሆንም ምስጢር ከወንጌል፣ ከቀኖና፣ ከዲያቆን፣ ከጳጳስ፣ ከሲኖዶስ ጋር አብሮ የገባ የአንድ ዘመን እንግዳ ለመሆኑ ለእኔ ጠ ትበቃኛለች። አመሠጠረ የሚለው ግስ ደግሞ ከስሙ በኋላ የተወለደ ነው። አባቱን ልጁ ወለደው አይባልም።

የግሪኩ ቃል ራሱ ከየት ነው ብትለኝ፣ መዝጋት ከሚል ግስ ነው የሚያወጡት፣ ዓይንን ወይም አፍን መዝጋት። በአቴና አቅራቢያ በኤሌውሲስ ይደረግ የነበረ ሥርዓት ነበር፤ ገብቶ ያየ ሰው ያየውን ውጭ ላለ ሰው እንዳይናገር በጥብቅ ይከለከል ነበር። ልብ አድርግ፣ ሰውየው አያውቅም አልተባለም። ያውቃል፣ አይቷል፣ ግን አፉን ዘግቷል። ይህን ያዝልኝ፣ ከድብቅ ጋር ስናነጻጽረው እንፈልገዋለን።

ስለ ሠ እና ሰ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ከግሪክ የመጣ ከሆነ ትክክለኛዋ እሳቷ ሰ ናት፤ ጴጥሮስም፣ ጳውሎስም፣ ማርቆስም፣ ሲኖዶስም በእሷ ነው የሚጻፉት። በብራና ላይ ሁለቱም ይገኛሉ። መዝገበ ቃላት የጻፉልን እነ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደስታ ተክለ ወልድ ሞክሼ ፊደላት፣ ድምፃቸው አንድ የሆነው ማለቴ ነው፣ ቦታቸው እንዲጠበቅ ዕድሜ ልካቸውን የታገሉ ሰዎች ናቸው፤ የእነሱን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ከሄድክበት እንግዳ ቃል ሲመጣ ምንጩ ይመርመር ነው የሚለው። ምንጩ ሲመረመር ሰ ነው። እኔ ግን ለራሴ ስጽፍ ምሥጢር ብዬ በንጉሡ ሠ ነው የምጽፈው። ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህር እንደዚያ ይጽፉ ነበር፣ የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም «ይህ ምሥጢር ታላቅ ነው» ሲል በሠ ነው፤ ሠ በሌለበት ቃሉ ክብሩ የጎደለ ይመስለኛል። ማስረጃው እንደማይደግፈኝ አውቃለሁ፣ አልተውም። አንተ በሰ ጻፈው፣ ማንም አይነቅፍህም። በዚህ መልስ እኔም ለአንተ ስል በሰ እጽፋለሁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ትርጉሙ።

ሰው ሚስጥር ማለት የተደበቀ ነገር ነው ይላል። አይደለም። ወይም ግማሹ ብቻ ነው። ድብቅ ነገር ማንም ሳያውቀው ድብቅ ሆኖ ይኖራል። ሚስጥር ግን የሚያውቀው ሰው ከሌለ ሚስጥር አይደለም። ቢያንስ አንድ የሚያውቅ፣ አንድ የማያውቅ፣ በመካከላቸውም የተዘጋ አፍ ያስፈልጋል። ጣና ላይ መረብ የሚጥሉትን ጠይቃቸው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከውኃው ሥር የትም ይዋል የት፣ ማንም እስካላየው ድረስ ያው የተደበቀ ነው። ዓሣ አጥማጁ የት ጋ እንደሚውል ደርሶበት ለልጁ ብቻ የነገረው ቀን ግን ሚስጥር ሆነ። ጠዋት ወደብ ላይ ሌሎቹ «ዛሬ ከወዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁት «ያው ከባሕሩ ነው እንጂ» ይላቸዋል። ሚስጥር ማለት ያቺ መልስ ናት።

ግሶቹም ይነግሩሃል። ሚስጥር ይነገራል፣ ይያዛል፣ ይጠበቃል፣ ይወጣል፣ ይሾልካል፣ በመንግሥት ቢሮ ቋንቋ ደግሞ ይባክናል። ሚስጥረኛዬ የምትለው ያለህን የምትነግረውን ሰው ነው፣ የምትደብቀውን ሰው አይደለም። እስቲ «ድብቀኛዬ» በል። አይሆንም። ድብቅ ነገር የሚፈለግና የሚገኝ ነው፣ የሚነገር አይደለም። ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ ተደበቀ እንጂ ሚስጥር ሆነ አይባልም።

ገመና የተለየ ነው፣ እሱን ሰው ሲያበላሸው በጣም ይከፋኛል። ገመና የሰውን ክብር የሚነካ የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፤ ማጣት፣ ዕዳ፣ የባልና ሚስት ነገር፣ የልጅ ጥፋት። ገመና ይሸፈናል፣ ይከደናል፣ ሲብስ ይገለጣል ወይ አደባባይ ይወጣል። ከሚስጥር የሚለየው ደግሞ በዚህ ነው፦ ሚስጥር ሰው ሁሉ ካወቀው ሞተ። ገመና ግን ጎረቤት ሁሉ እያወቀው ገመና ሆኖ ይቀጥላል። የእከሌ ቤት እህል ካለቀ መሰንበቱን መንደሩ ያውቃል፣ ግን ለቡና ሲጠራሩ አንድም ሰው አያነሣውም፤ አንዷ እናት ማታ በነጠላዋ ሥር ትንሽ ዱቄት ይዛ ብቅ ትላለች፣ እሷም ስለ ዱቄቱ ምንም አትልም። «ገመናዬን ሸፈነችልኝ» የሚባለው ይሄ ነው። ማንም ያላወቀው ነገር የለም፣ የተጠበቀው ክብሩ ነው። እንግዲህ አሁን አሁን «የድርጅቱ ገመና ሲጋለጥ» የሚል ርዕስ በየቦታው አነባለሁ። ድርጅት ምን ገመና አለው? ጥፋት አለው፣ ብልሹ አሠራር አለው፣ የሸሸገው ሰነድ አለው። ገመና የሚኖረው ሰው ውስጥ ነው፣ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ግን ምን ይደረግ፣ አጠቃቀሙ ሰፍቷል፣ የሚመልሰውም አይታየኝም። አንተ ግን ብሮሸርህ ላይ ስለ ገዳማት ስትጽፍ ይህን ቃል እንዳትነካው አደራ።

ህቡዕ ያልከውን እንየው። እዚህ ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት ፊደል ተበላሽቷል። ግእዙ ኀብአ ነው፣ ሸሸገ ማለት ነው፤ በብዙኃኑ ኀ ይጀምራል፣ በአልፋው አ ይጨርሳል። ስለዚህ ኅቡእ ነው። ዐይኗ ዕ ከየት እንደመጣች አላውቅልህም ብል ይቀለኛል፤ ምናልባት እነ ስሙዕ ጎትተዋት ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ከኪዳን ጸሎት ጋር የምታነበው ትምህርተ ኅቡኣት አላት፣ በክታብ ላይም ኅቡእ ስም የሚባሉ የተሰወሩ ስሞች ይጻፋሉ። በአብዮቱ ዘመን ደግሞ ቃሉ ከዚያ ወጥቶ ፖለቲካ ገባ፤ ህቡዕ ድርጅት፣ ህቡዕ ትግል ተባለ፣ ያኔ በገባበት ፊደል ቀረ። ዛሬ ጋዜጣ ላይ ኅቡእ ብዬ ብጽፍ አራሚው ህቡዕ ብሎ ይመልስልኛል። ተሸንፌያለሁ፣ ግን በቃሉ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ይሰማኛል።

የኀብአን ሌላ ልጅ ግን ላሳይህ፣ በየቀኑ ከአፍህ ስለማይጠፋ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ስንል ያባው ምንድነው? ስንቱን ወጣት ጠይቄዋለሁ፤ ምሳሌውን ሁሉም ያውቃል፣ ያባውን የሚፈታው ጥቂት ነው። አባ ማለት ሸሸገ ማለት ነው። ኀብአ ነው አባ የሆነው። ኀለፈ አለፈ እንደሆነ፣ ኀደረ አደረ እንደሆነ፣ መነሻው ኀ ተነጥሎ አ ቀረ። መጨረሻው ደግሞ መጽአ መጣ እንደሆነ አልፋው ወደቀ። የቋንቋው ሥራ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ደስ ይለኛል። የካድሬው ህቡዕና የጠላ ቤቱ ያባው አንድ እናት አላቸው። ፊደሉን ስናበላሽ ይህ ዝምድና ነው የሚቆረጠው፣ እኔም በሞክሼ ፊደላት ነገር የምነዘንዘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ርዕስህ ልመለስ። «የጣና ሚስጥራዊ ገዳማት»። ሚስጥራዊ ብትል፣ ምስጢራዊ ብትል፣ እኔን የከበደኝ ፊደሉ አይደለም። ቃሉ እዚህ ቦታ ምን ይሠራል?

ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት እንግዳ ይዘህ ስንት ጊዜ ገብተሃል። ከቅኔ ማኅሌቱ ተሻግረህ ቅድስቱ ጋ ስትደርስ የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈነ መጋረጃ አለ። አባ ረጅሙን ዘንግ ያነሣሉ፣ መጋረጃውን ከጫፉ ያዝ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ጎን ይገፉታል፣ ከሥሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ፣ እመቤታችን ከልጇ ጋር፣ ሰማዕታቱ ከነመከራቸው ይታያሉ። መጋረጃው ሥዕሉን ከብርሃንና ከአቧራ ይጠብቃል፣ ያከብረዋልም። ከሰው አልተደበቀም። ሥዕሉ የተሣለው ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ እንዲያስተምር ነው። እንዲታይ የተሠራን ነገር ሚስጥራዊ ልትለው አትችልም። ዳጋ እስጢፋኖስም ዕቃ ቤቱ ውስጥ የዐፄ ፋሲልን ዐፅም ለጎብኚ ያሳያሉ። መቅደሱ ውስጥ ከካህን በቀር አይገባም። ክብራን ገብርኤል ሴት አትገባም። እነዚህ ክልክል ናቸው፣ ሚስጥር አይደሉም። በሩ ለምን እንደተዘጋ፣ ውስጡም ታቦት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። የተዘጋ በርና የተዘጋ አፍ ይለያያሉ።

ያ «ሚስጥራዊ» ከየት እንደመጣ እኔ ልንገርህ። ከውጭ ፊልምና ከውጭ ጽሑፍ ትርጉም ነው። ሚስጥራዊው ሰው፣ ሚስጥራዊ አሟሟት፣ ሚስጥራዊ ደሴት። አማርኛ ለዚህ ስሜት ያለው ቃል ሞልቶ ነው፦ እንቆቅልሽ የሆነ፣ ግራ የሚያጋባ፣ ያልተፈታ፣ ማንነቱ ያልታወቀ። «አሟሟቱ እንቆቅልሽ ሆነ» ስትል ሰው ይገባዋል። «ሚስጥራዊ አሟሟት» ግን በጥንቱ አማርኛ ቢነበብ በድብቅ የተፈጸመ ሞት ነው የሚመስለው። አሁን ሰው ተቀብሎታል፣ ልጆቼም ይሉታል፣ ልከለክል አልችልም። ገዳም ላይ ሲለጠፍ ግን አይዋጥልኝም። ገዳሙን የፊልም መቼት ያስመስለዋል።

ግን ቃሉን ጨርሰህ አትጣለው፣ ሌላ መንገድ አለ። ምስጢር በእኛ አገር አንድ ሌላ፣ ከሁሉም የማከብረው ትርጉም አለው። ቅኔ ቤት ገብተህ የነበረ ሰው ያውቀዋል። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ በየትኛውም የጎጃም ቅኔ ቤት፣ ተማሪው ቅኔውን ሲቀኝ መምህሩ «ምስጢሩ ምንድነው?» ይላሉ። ምን ደበቅህ ማለታቸው አይደለም። ውስጡ ያለው ሐሳብ፣ ከሰሙ ሥር ያለው ወርቅ ምንድነው ማለታቸው ነው። ምስጢረ ሥላሴ፣ ምስጢረ ሥጋዌ፣ ምስጢረ ጥምቀት፣ ምስጢረ ቁርባን፣ ምስጢረ ትንሣኤ ሙታን ብለን አምስቱን አዕማድ ስንቆጥርም እንደዚያው ነው። ማንም አልደበቃቸውም፤ ሕፃን ሳይቀር ይማራቸዋል። ምስጢር የተባሉት ጥልቅ ስለሆኑ፣ ሁሉም የሚሰማቸው ግን በእምነት የገባ ብቻ የሚረዳቸው ስለሆኑ ነው። የኤሌውሲሱ ሰው አይቶ ዝም ይላል፤ የእኛ መምህር አይቶ ያስተምራል፣ ያም ሆኖ ምስጢር ምስጢርነቱ አይቀርም። ቃሉ ከግሪክ መጥቶ እዚህ ሲኖር ያተረፈው ይህን ነው። እዚህ ትርጉም ላይ ደግሞ ሚስጥር አይገባም። «ሚስጥረ ሥላሴ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ የግእዝ ዘርፍና ባለቤት የግእዙን መልክ ነው የሚፈልገው።

ከዚህ የተነሣ አንድ የሚገርም ነገር ተፈጥሯል። ማመስጠር የሚለውን ግስ ተመልከት። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አመሰጠረ ሲባል የተሸፈነውን ትርጉም ገልጦ አራቅቆ ተናገረ ማለት ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ አመሰጠረ ሲባል ደግሞ መልእክቱን ሌላ ሰው እንዳያነበው ዘጋ ማለት ነው፤ ሥራውንም ምስጠራ ብለውታል። አንዱ ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል፣ ግሱ አንድ ነው። የቃል ፈጣሪዎቹን አልነቅፍም፣ ምስጠራ ጥሩ የአማርኛ ቅርጽ አለው፣ በአጭሩም ይገባል። ግን ሁለቱን ትርጉም የማያውቅ ሰው «መምህሩ ወንጌሉን አመሰጠሩት» የሚለውን ቢያነብ ደበቁት ብሎ ይረዳው ይሆን ብዬ እሰጋለሁ።

«የስኬት ሚስጥር»፣ «የውበቷ ሚስጥር» የሚሉትም አሉ። እነዚህን አልወዳቸውም። ለሕዝብ በማስታወቂያ የሚነገር ነገር ምን ሚስጥርነት አለው? ከውጭ የተቀዳ አባባል ነው እያልኩ ስከራከር ኖሬያለሁ። አንድ ወዳጄ ግን «መምህሩ የቅኔው ምስጢር ምንድነው ሲሉ ውስጠኛው ቁም ነገር ማለታቸው ከሆነ፣ የስኬት ሚስጥርም ውስጠኛው ቁም ነገር ማለት ሊሆን አይችልም ወይ?» አለኝ። ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም። ሊሆን ይችላል። ቢሆንም እኔ አልጽፈውም።

እንግዲህ የቱን ልጻፍ ላልከው እንዲህ ልቁረጥልህ። ሃይማኖት፣ ቅኔ፣ የነገር ውስጠኛ ትርጉም ላይ ከሆንክ ምስጢር በል። የሁለት ሰው ወሬ፣ የጓደኛ አደራ፣ የታሪክ ገጸ ባሕርይ ንግግር ከሆነ ሚስጥር በል፣ አትፈር። ባንክ ቤቱ የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ ይላል፣ የምስጢር ቁጥር ሲባል ብዙም አትሰማም፤ ነገሩ በአንተና በማሽኑ መካከል ብቻ የሚቀር ስለሆነ ትርጉሙም ልክ ነው። ድሮ ሚስጥርን ከጽሑፍ ሁሉ ማስወጣት የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ፣ እኔም ወደ እነሱ አደላ ነበር፤ አሁን ሕዝቡ የሚለውን ሁሉ ስሕተት ማለት አይቻልም። ሁለቱ መልኮች ሥራ ተከፋፍለዋል፣ ክፍፍሉም ይጠቅማል።

ርዕሱን ከተቀበልከኝ «የጣና ገዳማትና የሥዕላቸው ምስጢር» አድርገው። ግን እንደዚያ ካልክ ውስጡ ላይ ምስጢሩን ማስረዳት አለብህ፤ ጊዮርጊስ ለምን በነጭ ፈረስ እንደተሣለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ለምን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት እንደተከፈለ አባን ጠይቀህ ጻፍ። ይህን የማታደርግ ከሆነ «ጥንታዊዎቹ የጣና ገዳማት» በል፣ ይበቃል።

ብዙ ቁጥሩን ረስቼው አይደለም። ምስጢር የግእዙን ብዙ ይወስዳል፣ ምስጢራት ይሆናል፤ ጥምቀት፣ ሜሮን፣ ቁርባን፣ ንስሓ፣ ክህነት፣ ተክሊልና ቀንዲል ሰባቱ ምስጢራት ናቸው። ሚስጥር ደግሞ የአማርኛውን ይወስዳል፣ ሚስጥሮች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያስቀመጥከው «ምስጢራቶች» ብዙን እንደገና ያበዛ ነው፤ ለልጅቷ ደውልላትና ሳይታተም ታውጣው።